ስታፎርድ ጋምቢት ለልጆች ይሰጥ ወይስ ይከልከል? (ክርክር)

ጥቁር ፈረስ፦ ክረምቱን ለሰፈር ልጆች ቼዝ አስተምራለሁ። ከ10 እስከ 13 ዓመት ናቸው። አንዱ ስታፎርድ ጋምቢትን (ጥቁር ወታደር ሰውቶ ወጥመድ የሚዘረጋበት መክፈቻ ነው) ከዩቲዩብ ለቅሞ መጣና ሁሉንም እያራገፋቸው ነው። ሌሎቹም "አስተምረን" ብለው ይዘውኛል። አብሮኝ የሚያስተምረው ሰው "ቆሻሻ ነው፣ ከልክል" ይላል። ሊቸስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ሬቲንግ (የተጫዋቾች የብቃት ነጥብ) እየመረጥኩ ውጤቱን አየሁት። ዝቅ ባለው ሬቲንግ ጥቁር ደህና ያሸንፋል። የሚሠራ ነገር ለምን ይከለከላል?

ግንብ ጠባቂ፦ የሠራው የተጋጣሚው አለማወቅ ነው እንጂ ጋምቢቱ አይደለም። ለማያውቁት ላሳይ። ፊደልና ቁጥሩ የካሬው ስም ነው። ነጭ ወታደሩን ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6። ነጭ ኢ5 ያለውን ወታደር ይበላል። ጥቁር ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላውን ፈረስ ሲ6 ያወጣል። ነጭ ፈረሱን ይበላል፣ ጥቁር በዲ ወታደሩ መልሶ ይበላል። ነጭ ዲ3፣ ጥቁር ቢሾፑን ሲ5። አሁን ነጭ "ፈረሱን ልሰረው፣ ከተነሳ ከኋላው ያለችውን ንግሥት እበላለሁ" ብሎ ቢሾፑን ጂ5 ካስቀመጠ አለቀለት። ጥቁር ንግሥቱን ጥሎ በፈረሱ ኢ4ን ይበላል። ነጭ ተስገብግቦ ንግሥቷን ሲበላ፣ ቢሾፕ ኤፍ2 ላይ በልቶ ቼክ። ንጉሥ ኢ2። ሌላኛው ቢሾፕ ጂ4፣ ማት፤ ንጉሡ መውጫ የለውም። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ነጭ ያን ቢሾፕ ጂ5 ሳይሆን ሌላውን ኢ2 ቢያደርግስ? ጥቁር አንድ ወታደር ጎድሎት ቁጭ ይላል። ሬቲንጉን ከፍ አድርገህ እየው፣ ቁጥሩ ወደ ነጭ ያጋድላል።

ሚሚ፦ ከታች ያሉት ልጆች ግን ከላይ ካሉት ጋር አይጫወቱም እኮ።

ግንብ ጠባቂ፦ ዛሬ አይጫወቱም። በወጥመድ ባሸነፉ ቁጥር ግን ሬቲንጋቸው ይወጣል። የሚወጣው ወጥመዱን የሚያውቅ ሰው እስኪያጋጥማቸው ነው። ያኔ መሐል ጨዋታ የማያውቅ ልጅ ከፍ ያለ ሬቲንግ ይዞ ይቆማል።

ጋሼ ሰንጠረዥ፦ ልጆቼ፣ በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ወረራው ላይ፣ ማለትም ጨዋታው ሲጀመር፣ ተራ አይጠበቅም። የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። በቃል የሚሸመደድ መክፈቻ ከየት ይመጣል?

ጥቁር ፈረስ፦ ጋሼ፣ የእኔ ልጆች ተራ እየተጠበቀም ይጣላሉ 😂

ሚሚ፦ ከላይ የሚሠራው ከታች ይሠራል ማለትስ ነው? በርሊን ዲፌንስ የሚባለውን የጥቁር መክፈቻ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ክራምኒክ በዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ እሱን ይዞ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን አሰረው። ካስፓሮቭ በ15 ጨዋታ አንድም አላሸነፈም። ንግሥቶቹ ገና በጠዋቱ ተበላልተው ከቦርዱ ይወጣሉ፣ ከዚያ ልፋት ነው። ይህን ለ11 ዓመት ልጅ ስጡትና ሲያዛጋ እዩት። በሳምንቱ ይቀራል። የቀረ ልጅ ደግሞ መሐል ጨዋታም አይማርም።

ግንብ ጠባቂ፦ በርሊን ይማሩ ማን አለ? ጣሊያን ጨዋታ የሚባል መክፈቻ አለ።

ሚሚ፦ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ፊሸርን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960 ነጭ ወታደር በሚሰዋበት በንጉሥ ጋምቢት በስፓስኪ ተሸነፈ። በዓመቱ "ይህ ጋምቢት ተሸናፊ ነው" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ራሱ በነጭ ይዞት መጣ፣ ኢቫንስን አሸነፈበት። እንደዚያ ያለው ሰው ካልከለከለው እኛ ማን ነን?

ግንብ ጠባቂ፦ ፊሸር ጋምቢቱ ባይሳካም ከዚያ በኋላ መጫወት ይችላል። የሰፈሩ ልጅ ይችላል? እሱን ንገሪኝ።

ጥቁር ፈረስ፦ ትናንት ሞከርኩት። ያቺን ቢሾፕ ኢ2 ለአንዲት ልጅ በጆሮዋ ነገርኳት። ስታፎርድ የሚጫወተው ልጅ ለሦስት ደቂቃ ቦርዱ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ከዚያ ንግሥቱን አወጣ፣ ተበላበት። "ቲቸር፣ እሷ እንቅስቃሴ ቪዲዮው ላይ የለችም" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እንግዲህ ቅዳሜ ሁለቱንም ጎን እያቀያየርኩ አጫውታቸዋለሁ።

ግንብ ጠባቂ፦ እንደሱ ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ነው?