እግር በሜትር ተለክቶ ሯጭ ይመረጣል?

የአሰላ ልጅ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ የቀረበ አንድ የስፖርት ባለሙያ ስለ ታዳጊዎች ምልመላ ተጠይቆ «እግሩ ያጠረ ልጅ በሩጫ ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል» አለ። ጋዜጠኛውም አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አሳለፈው። የኃይሌ ቁመት 1.65 ሜትር ገደማ ነው፤ የቀነኒሳም ከዚያ አይበልጥም። ይህ ሰው በልጅነታቸው ቢመለምላቸው ኖሮ ሁለቱንም ወደ ቤታቸው ይሸኛቸው ነበር።

መለኪያ፦ ቁመትና የአካል ምጣኔ አይደባለቁ። አጭር ሰውም ለቁመቱ ረጅም እግር ሊኖረው ይችላል። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ 1.93 ሜትር ነው፤ ክንዶቹን ሲዘረጋ 2 ሜትር ይሞላል፤ እግሩ ግን ለቁመቱ አጭር ነው። ለዋና የተመቸ አካል ነው፣ ለማራቶን አይሆንም። ቱርካዊው ክብደት አንሺ ናይም ሱሌይማኖግሉ ደግሞ 1.47 ሜትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ 190 ኪሎ አነሣ፤ ከክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ክንዱና እግሩ ሲያጥር ብረቱ የሚወጣው ርቀትም ያጥራል። ይህን መናገር ልጆችን መናቅ አይደለም።

የአሰላ ልጅ፦ ንቀት ነው አላልኩም። «ጊዜውን ባያባክን» ያለውን ነው የምጠይቀው። የማን ጊዜ ነው? መሮጥ የሚወድ የ12 ዓመት ልጅ ጊዜውን ምን ላይ ቢያውለው ነው ባከነ የማይባለው?

መምህሩ፦ የስፖርት መምህር ነኝ። አምና መልማዮች ትምህርት ቤታችን መጥተው ልጆቹን ግድግዳ ሥር አሰልፈው በልብስ ሰፊ ሜትር ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ለኳቸው። ከሰባተኛ ክፍል ማንም የማይቀድማትን ልጅ ሳያስሮጧት ቀነሷት። ሜዳው አጠገባቸው ነበር! በዚያ ዕድሜ እግር ከላይኛው አካል ቀድሞ ያድጋል። በ13 ዓመቱ እግረ ረጅም የመሰለው ልጅ ደረቱና ወገቡ ሲደርሱበት ምጣኔው ይለወጣል። ታዲያ ሜትሩ የለካው ምኑን ነው?

አሥር ሺህ፦ ሁላችሁም ርዝመት ላይ ተጣበቃችሁ። ባት የት ሄደ? እግር በየእርምጃው ይወረወራል፤ ጫፉ ላይ ያለ ክብደት ወገብ ላይ ካለው ይልቅ ያደክማል። ጫማ ላይ 100 ግራም ቢጨመር ሯጩ የሚፈጀው ኦክስጅን 1 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእኛ ሯጮች ቀጭን ባት የሚጠቅማቸው ለዚህ ነው።

መለኪያ፦ እንግዲያው አካል ይወስናል። ተስማማን።

አሥር ሺህ፦ አልተስማማንም። ያግዛል ነው ያልኩት። ሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 1.82 ሜትር፣ ኃይሌ 1.65 ሜትር ነበሩ። ከ10 ሺህ ሜትር በኋላ የለያቸው 0.09 ሰከንድ ነው። በዚያ የመጨረሻ መቶ ሜትር የእግር ርዝመት ምን ወሰነ?

ከናይሮቢ፦ ቴርጋትን ለተሸናፊነት ምሳሌ ብቻ አታንሡት። ከ1995 እስከ 1999 አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2003 በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን በ2:04:55 የሰበረው እሱ ነው።

የአሰላ ልጅ፦ በ2007 በዚያው በርሊን 2:04:26 ገብቶ ያንን ክብረ ወሰን የወሰደውስ ማን ነው?

ከናይሮቢ፦ በ2002 ለንደን ማራቶን ፊት ለፊት ሲገናኙስ? ቴርጋት ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ። ይህንንም ጻፊው።

መለኪያ፦ ወደ ምልመላው እንመለስ። ሁለት መቶ ልጅ መጥቶ ሃያ ቦታ ብቻ ያለው አሰልጣኝ በምን ይምረጥ? የባለሙያው ጥያቄ ይህ ነበር።

መምህሩ፦ ያስሩጣቸው! ሰዓት ይያዝላቸው፤ በዓመቱ ተመልሶ ደግሞ ያስሩጣቸው።

መለኪያ፦ መምህር፣ በ13 ዓመት ሰዓትም ቀድሞ ለጎለመሰው ያደላል። እርስዎ በሜትሩ ላይ ያነሡት ተቃውሞ ሰዓቱንም ይነካዋል።

መምህሩ፦ በዓመቱ ይደገም ያልኩት ለዚህ ነው። የሮጠ ልጅ ቢያንስ በሩጫው ተመዝኗል። በሜትር ተለክቶ የተመለሰ ልጅ ግን በምን ተመዘነ?

መለኪያ፦ በአካሉ። አካልም የሩጫው ክፍል ነው።

ከናይሮቢ፦ የአሰላ ልጅ፣ የለንደኑን መልስ እየጠበቅሁ ነው።

የአሰላ ልጅ፦ ኃይሌ ወደ ማራቶን ገና መግባቱ ነበር! ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመባቸውን የአትላንታንና የሲድኒን ኦሎምፒኮች አንሣና እንነጋገር።