የድሃ አገር ግዴታ በዘር ማጥፋትና በስደተኞች ጉዳይ እስከ የት ይደርሳል?

የታቦር መምህር (ጥያቄ)
ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ ዘር ማጥፋት ስንወያይ አንዲት ተማሪ፣ በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉትን የራሷን ዜጎች ማስጠለል የከበዳት አገር ለሌላ ሕዝብ ግዴታ አለባት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «የሞራል ግዴታ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እንዲህ ሲባል ብዙ ጊዜ ቢፈጽሙት የሚያስመሰግን፣ ቢተዉት የማያስጠይቅ ነገር ተደርጎ ይወሰዳልና። አቅም በሌለበት ግዴታ አለ? ካለስ የሚለካው በምንድን ነው?

የሕግ ሰው
(ቀኑንና ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የ1948ቱን የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት ከሁሉም ቀድማ በ1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ። ስምምነቱ መቅጣትን ብቻ ሳይሆን መከላከልንም ያስገድዳል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በቦስኒያዋ ስሬብሬኒጻ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ በ2007 በሰጠው ፍርድ፣ ሰርቢያ ዘር ማጥፋቱን ራሷ ፈጽማለች ባይልም ባለመከላከሏ ስምምነቱን እንደጣሰች ወስኗል። ግዴታው የሚጀምረው ከባድ አደጋ መኖሩን አገሪቱ ካወቀችበት ወይም ማወቅ ከነበረባት ጊዜ አንሥቶ ሲሆን፣ የሚለካውም በአጥፊዎቹ ላይ ባላት ተሰሚነትና በእጇ ያለውን ሁሉ በመሞከሯ ነው። ስለዚህ ከድሃ አገር የሌላት አይጠየቅም፤ ያላቸው ግን ማመካኛ የላቸውም። ሚያዝያ 21 ቀን 1994 በሩዋንዳ ሰው በየመንገዱ ሲታረድ፣ የፀጥታው ምክር ቤት 2,500 ገደማ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። ያን ቀን የጠፋው አቅም ሳይሆን ፈቃድ ነው። በዚያው ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ጦር ከላኩት መካከል ገና ከእርስ በርስ ጦርነት የወጣችው ኢትዮጵያ ትገኝበታለች።

ጋምቤላ የሠራሁ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ «በአቅም ይለካል» የሚለው ሐሳብ ለስደተኛ ሲሆን ያሠጋኛል፤ ድንበር ለመዝጋት የሚፈልግ መንግሥት ሁሉ የሚያነሣው ይህንኑ ነውና። አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅን ሰው ከድንበር መመለስን ይከለክላል፤ የከበዳት አገር ሌሎች እንዲያግዟት ትጠይቃለች እንጂ በሯን አትዘጋም። ከታኅሣሥ 2013 (እኔም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኋላ ደቡብ ሱዳናውያን በድንበር መግቢያዋ በፓጋክ በኩል ወደ ጋምቤላ ሲገቡ ማንም መልሳቸው አላለም። የቀረው ግማሽ፣ ማለትም የሌሎች ድርሻ፣ ግን በየጊዜው ይጎድላል፤ የእርዳታ ገንዘብ ሲቀንስ ራሽን ይቀነሳል፣ እናቶችም ከተሰጣቸው እህል ላይ ለወፍጮ መክፈያ ይሸጣሉ። የእህሉ ማነስ ስደተኞቹን ማገዶ እንጨት ለቅሞ ወደ መሸጥ፣ በዚያም ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ወደ መጋጨት ሲያደርስ፣ ዕዳው የሚወድቀው ራሱ ችግረኛ በሆነው የጋምቤላ ገበሬ ላይ ነው። ገንዘቡን የከለከለ ሀብታም አገር ያጓደለው ምጽዋት ሳይሆን ግዴታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የታቦር መምህር
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የተማሪዋ ጥያቄ የራሳችንን ተፈናቃዮችም ስለሚመለከት፣ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የተደረገውን የ2009ኙን (እ.ኤ.አ.) የካምፓላ ስምምነት ከ1969ኙ ጋር አጣምሬ በክፍል አስነብባለሁ፤ የአማርኛ ቅጂ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ይጠቅመኛል።