ድንጋይ የበላውን የካያክ ሆድ በምን እንጠግነው?

ጥያቄ፣ ከሐይቅ ከተማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አገልግሎት ላይ የዋለች አንዲት የፕላስቲክ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትነዳ ጠባብ ጀልባ) ገዝተን ቅዳሜና እሑድ በሐይቁ ላይ እንግዶችን እናንሸራሽርባታለን። የምናርፍበት ዳርቻ ደንገሉ የሳሳና ጥቁር ድንጋይ የበዛበት በመሆኑ፣ ከውሃው እስከ መንገዱ 20 እርምጃ ያህል እየጎተትን ነው የምናወጣት። ከዚህ የተነሣ የኋላዋ የታችኛው ጫፍ ተፈግፍጎ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሆኗል፤ ከአጠገቡም 7 ሴንቲሜትር የሚሆን ስንጥቅ ወጥቶ በአንድ ሰዓት ቀዘፋ ሁለት ጣሳ ያህል ውሃ ያስገባል። መጀመሪያ በሱፐር ግሉ፣ ቀጥሎም ለመኪና ቦዲ በሚሠሩበት ፋይበር ደፈንነው፤ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ተላቀቁ። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፣ ከደሴ

እኔ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዬን በፋይበር አስጠግኜ እስካሁን አንድም ጠብታ አላስገባችም። ምናልባት ቦታውን አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አልሞረዳችሁት ይሆናል።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፣ የውሃ ታንከርና የፕላስቲክ ቱቦ በያጅ

የደሴው ወንድማችን የተናገሩት ለእርሳቸው ጀልባ እውነት ነው፤ ጀልባዋ ራሷ የፋይበር ሥራ ሳትሆን አትቀርም። የፕላስቲክ ካያክ ግን በአብዛኛው ከፖሊኢትሊን፣ ማለትም ሮቶ ከሚሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ይህ ፕላስቲክ በጎመን ዘር እንደታሰሰ ምጣድ ነው፤ ማስቲሹም ሆነ ፋይበሩ የደረቀ ይመስላል እንጂ እንደ እንጀራው ሙልጭ ብሎ ይነሣል። አጥብቆ መሞረድ ትንሽ ቢረዳም ችግሩን አይፈታውም። የሚያዋጣው ራሱን በራሱ ማቅለጥ፣ ማለትም ብየዳ ነው።

ከመበየዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትኑ። ከጠርዙ ትንሽ ፍቅፋቂ ወስዳችሁ ውሃ ላይ ጣሉት፤ ፖሊኢትሊን ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲ ይሰምጣል። ቀጥሎ በጋለ ካውያ ንኩት፤ ቀልጦ እንደ ማር ከተሳበ ይበየዳል፤ ሳይፈስ ለስልሶ የሚያር ከሆነ ግን ሲመረት በኬሚካል የተቆላለፈ ዓይነት ስለሆነ በሙቀት አይበየድም።

የሚበየድ ከሆነ ከስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በ3 ወይም በ4 ሚሊሜትር ድሪል ብሱት፤ ይህን የዘለለ ሰው ስንጥቁ ከብየዳው ወዲያ ማዶ ሲቀጥል ያገኘዋል። ከዚያ ስንጥቁን በካተር እንደ ቦይ አፉን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ የቀረውን ፋይበርና ሱፐር ግሉ ፈጽማችሁ ፋቁ፤ በአልኮል ጠርጉና አድርቁት። የመሙያው ክር ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ከጥቁሩ የፖሊኢትሊን የውሃ ቱቦ ቁራጭ ተሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል። ግራጫው የፒቪሲ ቱቦ በጭራሽ አይያያዝም። ፖሊኢትሊን በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አያስፈልገውም። ዋናው ቁም ነገር ክሩ ብቻ ሳይሆን የካያኳ ገላም አብሮ መቅለጡ ነው፤ የጋለ ክር በቀዝቃዛ ገላ ላይ ከተኛ ያው እንደ ማስቲሹ ይነሣል። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ የሚጨስ ከሆነ አቃጥላችሁታል። ሥራውን ደጅ ላይ ሥሩት፤ ሲጨርስም ውሃ አታፍስሱበት፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ፍቅፋቂው ተንሳፈፈ፤ በካውያ ስንነካውም ክር እየሳበ ቀለጠ። የሳሳውን ጫፍ ግን በምን እናጠንክረው? አንድ ጓደኛችን ላሜራ በብሎን እንምታበት ይላል።

መልስ፣ ከሐይቅ ዙሪያ

ልጆቼ፣ ከላሜራው በፊት መጎተቱን ተዉ። ሦስት ሆናችሁ አንዲት ካያክ መሸከም ያቅታችኋል? ባዶዋን ለሁለት ትያዛለች። ካልሆነ አየር የተሞሉ ሁለት ከመነዳሪዎችን ድንጋዩ ላይ አንጥፋችሁ በላያቸው አንሸራቷት። ደግሞ ሰው ተቀምጦባት ወደ ዳርቻ አትንዷት፤ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይውረድ። ስታሳድሯትም ከድንጋይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር፣ በጎኗ ይሁን፤ ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቀዋል፣ የደረቀም ቶሎ ይሰነጠቃል።

መልስ፣ ከኮምቦልቻው በያጅ

የአባታችን ምክር ከእኔ ብየዳ ይበልጣል። ላሜራውን አልደግፈውም፤ የብሎን ቀዳዳ ሌላ የውሃ መግቢያ ነው፣ የብረቱ ጠርዝም ፕላስቲኩን ይቆርጠዋል። የሳሳውን ጫፍ በዚያው ክር ደርባችሁ ደርባችሁ ሙሉት፤ ወይም የቱቦ ቁራጭ በሙቅ አየር አለስልሳችሁ በጫፉ ቅርጽ ካጠፋችሁት በኋላ ዙሪያውን በይዱት፤ ያ ሲያልቅ እርሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። በተረፈው ሆዷ ላይ ያሉትን ጥልቀት የሌላቸው ጭረቶች አትንኳቸው፤ የተነሡትን ፀጉር መሳይ ክሮች ብቻ በካተር ላጯቸው። በብየዳው ላይ ግን ወዲያው እንግዳ አታሳፍሩበት፤ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጧትና ውስጧን ውሃ ሞልታችሁ አሳድሯት፤ ጠዋት በእጃችሁ ከሥር ዳብሱት፤ እርጥበት ካለ ያንኑ ቦታ ከፍታችሁ ድገሙት።