እምቦጭ ኩሬያችን ገባ፤ የቡና አረም መድኃኒት ልርጭበት?

የቦዬ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ነኝ፣ ቦዬ አካባቢ። አባቴ ከማሳው ግርጌ ያስቆፈረው ኩሬ አለን። ቆሮሶ ዓሣ እናረባበታለን፤ የጎረቤት ከብትም ከዚያው ይጠጣል። አምና አንድ ዘመዳችን «አበባው ያምራል» ብሎ ሁለት ሦስት እግር እምቦጭ ጣለበት። አሁን የኩሬው ግማሽ ተሸፍኗል። መድኃኒት ሻጩ «ለቡና አረም የምትረጨውን ግላይፎሴት እርጭበት» አለኝ። ትርፉ ውሃ በቦይ ወደ ረግረጉ ነው የሚወርደው። ምን ትሉኛላችሁ?

የአጋሮ ሰው፦
እኔ ቡናዬ ውስጥ ስረጨው ስንት ዘመኔ። እርጨውና ተገላገል።

ዕፅዋት ጥበቃ፦
ወንድሜ፣ እባክህ አትርጭ። ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ግን የቡና ማሳና ውሃ አንድ አይደሉም።

ሙያዬ ነው፤ ፀረ አረም የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግላይፎሴት እምቦጭን ይገድላል። በቅጠሉ ገብቶ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ጣጣው ለማሳ በሚሸጠው ዓይነት ላይ ነው። ብዙዎቹ ቅጠል ላይ እንዲጣበቁ ሳሙና መሰል ነገር ይቀላቀልባቸዋል። ዓሣና እንቁራሪት ላይ ብዙ ጊዜ የሚከፋው እሱ ነው። ሐይቅ ላይ የሚረጭ ሰው ለውሃ ተብሎ የተፈቀደውን ለይቶ ይጠቀማል። ጠርሙሱ ላይ ውሃ ላይ እንደሚረጭ ካልተጻፈ አይረጭም፣ አለቀ።

ደግሞ የተረጨ እምቦጭ የትም አይሄድም። እዚያው ሰጥሞ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። መድኃኒቱ ያልነካው ዓሣ ታፍኖ ይሞታል። ለዚህ ነው ትልቅ ሐይቅ ላይ እንኳ ሁሉንም በአንዴ የማይረጩት፤ በየክፍሉ፣ በመሃል ሳምንታት እያሳለፉ ነው። የአንተ ኩሬ ግማሹ እንዲህ ቢበሰብስ ቆሮሶህን እርሳው።

ቱፎርዲ (2,4-D) የተባለውን ሌላ ፀረ አረም እርጭ የሚልህም አይጠፋም። እሱ የሚያጠቃው ቅጠለ ሰፊውን ነው። ነፋስ ጎመንህና ቲማቲምህ ላይ ቢያደርሰው ጉድ ነው።

እምቦጭ ቆቃ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ጣና ላይ በ2011። ጣናን የሚያህል ውሃ በእጅ ማጽዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ሁላችንም አይተናል። ኩሬ ግን በእጅ ያልቃል። ሰው አሰባስብና ሳያብብ ከነሥሩ ንቀሉት።

የቦዬ ልጅ፦
እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። የነቀልነውን ለከብት ብንሰጠውስ?

ዕፅዋት ጥበቃ፦
እኔ አልሰጥም። እምቦጭ በውሃው ውስጥ ያለውን መርዛማ ብረት መጥጦ ይይዛል፤ የከተማ ቆሻሻ የሚደርሰው ውሃ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ከምሩት። ፀሐይ ያድርቀው፣ ከዚያ ኮምፖስት ይሁን።

በአንዴ አይጠፋም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ቡቃያው ብቅ ባለ ቁጥር ንቀል። ከማሳው ወደ ኩሬው የሚወርደውን የማዳበሪያና የፍግ ውሃም በቦይ አዙረው። የሚያፋፋው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የመውጫ ቦዩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ ወንፊት አድርግ። ስትነቅሉ የተበጠሰ አንድ ቅጥያ ካመለጣችሁ ረግረጉ ላይ ይራባል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ነው። ወንፊቱን ሳታስር ማንም ውሃው ውስጥ አይግባ።