የመክፈቻ ምሽት ፍርሃት፦ ሳቁን መጠበቅ አቃተን

ሰላም የሙያ ታላላቆቻችን፤ ከሐዋሳ ነው። ቅዳሜ ኮሜዲ ቴአትር እንከፍታለን። በልምምድ 70 ደቂቃ የሚፈጀው ተውኔት ጥቂት ተመልካቾች ፊት በ58 ደቂቃ አለቀ። ምክንያቱ ይገባናል፦ አድሬናሊን (ስንፈራ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን) ልብ ያፈጥናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አፍ ያደርቃል፤ ተዋናዩ የተመልካቹ ሳቅ ሳይበርድ ቀጣዩን ቃለ ተውኔት ይናገርና ቀልዱ ይዋጣል። ከመግባታችን በፊት 4 እየቆጠርን አየር ስበን 6 እየቆጠርን እናስወጣለን፤ ውሃም እንጎነጫለን (ቡና ግን ከልክለናል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል)። ይህ ከመጋረጃ ጀርባ ይሠራል፤ መድረክ ላይ ግን መረጋጋቱ ይጠፋል። መናገር ያለብን ሳቁ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን ያንን ቆይታ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንዴት ይለማመዱታል? የተጠበቀው ሳቅ ካልመጣስ፣ ዝምታውን ሳይደነግጡ በምን ይሻገሩታል? እባካችሁ፣ 4 ቀን ነው የቀረን።