ጦር ሲዘምት ምክር ቤቱ የት ነው?

ጠያቂው፦ የጦርነትና የውጭ ጉዳይ ውሳኔ ለአስፈጻሚው ብቻ ይተው? ወይስ የሕዝብ እንደራሴዎች ሊያዩት ይገባል? እኔ ሳያዩት አይሁን ባይ ነኝ። ሐሳባችሁን በምክንያት አስደግፉት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

የቀድሞ ወታደር፦ አልስማማም። ጠላት ምክር ቤቱ ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅም። ብዙ ሰው የሰማው ምስጢር ደግሞ ምስጢር አይደለም። አንድ ሾልኮ የወጣ ወረቀት ስንት ልጅ እንደሚያስጨርስ ግንባር የቆመ ያውቀዋል።

የታሪክ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ስለ ግንባሩ አልከራከርህም። ግን ጥድፊያም ሰው ያስጨርሳል። ነሐሴ 1964 ቬትናም አጠገብ ባለው ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ የአሜሪካ መርከቦች ሁለት ጊዜ ተጠቁ ተባለ። የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ኮንግረሱ፣ በቀናት ውስጥ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። ከሴኔቱ የተቃወሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በኋላ ሲጣራ ሁለተኛው ጥቃት ጭራሽ አልተፈጸመም። በዚያ የቬትናም ጦርነት ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያን አለቁ። የቬትናማውያኑማ እጅግ ይበዛል።

የሕግ ተማሪ፦ በ1973 የጦርነት ሥልጣን ሕግ የወጣው እኮ ለዚህ ነው። ፕሬዚዳንቱ ጦር ባሰማራ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረሱ ያሳውቃል። ካልተፈቀደለት በ60 ቀን ያቆማል። ለመውጫ ቢበዛ 30 ቀን ይጨመርለታል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ውድቅ ቢያደርጉትም ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው።

የቀድሞ ወታደር፦ እና ሠራ? በ2011 ሊቢያ ላይ 60 ቀኑ አልፎም ድብደባው ቀጠለ። የኦባማ መንግሥት «ይህ ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። እንዲህ በቃላት የሚታለፍ ሕግ ምን ይረባል?

የሕግ ተማሪ፦ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። የጀርመኑን ግን ይመልከቱት። ጦር ወደ ውጭ ለውጊያ ለመላክ አስቀድሞ የምክር ቤታቸው፣ የቡንደስታግ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጊዜ ካልሰጠ መጀመሪያ ይዘመታል፣ ፈቃዱ ቶሎ ይጠየቃል። በ1997 ከአልባኒያ ዋና ከተማ ከቲራና ሰዎችን በሄሊኮፕተር ሲያወጡ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፍጥነቱም አልቀረ፣ ቁጥጥሩም አልቀረ።

ጠያቂው፦ ምስጢሩስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በ2003 አሜሪካዊው ሴናተር ሮክፌለር ስለ አንድ ምስጢራዊ የስለላ ፕሮግራም ገለጻ ተደረገላቸው። የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ነበሩ። ከገለጻው በኋላ ረዳታቸውንም ሆነ ጠበቃ ማማከር አልተፈቀደላቸውም። የቴክኒክ ባለሙያም የሕግ ባለሙያም አይደሉም። ስለዚህ ለምክትል ፕሬዚዳንት ቼኒ ስጋታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ላኩ። አንዱን ቅጂ አሽገው ጥበቃ በሚደረግለት የኮሚቴው ክፍል አስቀመጡት። ጉዳዩ አደባባይ የወጣው በ2005 መጨረሻ፣ ያውም በጋዜጣ ነው። እስቲ አስቡት! ተቆጣጣሪው ያለው መሣሪያ አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነበር። ይሄ ቁጥጥር ነው ወይ?

የታሪክ መምህርት፦ አይደለም። ለይስሙላ አሳውቆ አፍ ማስያዝ ነው። ከዚያ ነገር ሲበላሽ «ነግረናችሁ ነበር» ይባላሉ። እኔ የምለው፣ ኮሚቴው የራሱ ባለሙያ ይኑረው። ሰነዱን ራሱ ያንብብ እንጂ ማጠቃለያ ብቻ አይሰጠው። በጀቱንም ይያዝ። ገንዘብ የሚከለክል ሰው ይሰማል።

የቀድሞ ወታደር፦ የባለሙያው ነገር ገብቶኛል፤ በደንብ ተጣርቶ የተመረጠ ከሆነ እቀበላለሁ። በጀቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወታደሩ ሜዳ ላይ እያለ ጥይቱ ሊቋረጥበት አይገባም። የዘመቻው ቀንና ቦታም ከኮሚቴው ክፍል አይውጣ።

ጠያቂው፦ ቀኑና ቦታው አይውጣ፣ እሺ። ለምን እንደሚዘመት ግን በጉባኤ ፊት ይነገር፣ ድምፅም ይሰጥበት። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2013 ሶርያን የመምታቱን ሐሳብ 285 ለ272 ሲጥለው ክርክሩ በይፋ ነበር። መንግሥትም እቅዱን ተወ። የወጣ የጦር ምስጢር ካለ ንገሩኝ።

የቀድሞ ወታደር፦ ያኔ አልወጣም። ግን የያኔው የሶርያ መሪ አሳድም ክርክሩን ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። እሱን እንዴት ታዩታላችሁ?