ከመሞቱ በፊትስ? ስለ ሴኔተር ክሌመንታ ፒንክኒ የምታውቁ ንገሩኝ

ሹፌሩ ከሻርሎት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቤን ይዤ ቻርለስተን ወረድኩ። ባሕር ለማየት ነበር። ካልሁን ጎዳና ላይ ፓርኪንግ ስንፈልግ አንድ ነጭ ቤተክርስቲያን ፊት ለፊት ቆምን። የ12 ዓመቷ ልጄ ሰሌዳውን አነበበችና «አባ፣ አማኑኤል ይላል፤ የኛ ነው እንዴ?» አለችኝ።

የኛ አይደለም፤ ማዘር አማኑኤል ይሉታል፤ የጥቁር አሜሪካውያን ነው አልኳት። በ2015 እዚያ ውስጥ አንድ ነጭ ዘረኛ ዘጠኝ ሰው እንደገደለ አውቃለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከዘጠኙ አንዱ የቤተክርስቲያኑ ፓስተር ነበር፤ የስቴቱ ሴኔተርም ነበር አልኳት። «ሴኔተር ሆኖ ምን ሠራ?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልኩ።

ማታ ሆቴል ገብቼ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። የሚመጣው ሁሉ ስለ ግድያው ነው። ስለ ገዳዩ፣ ኦባማ ቀብሩ ላይ ስለዘመረው መዝሙር። ሰውዬው 41 ዓመት ኖሯል እኮ! ሳውዝ ካሮላይና የምትኖሩ ካላችሁ፣ ከመሞቱ በፊት ምን ነበር የሚሠራው? ለልጄ የምነግራት ነገር ስጡኝ።

ናቲ አትላንታ፦

ብሮ ይሄማ ቀላል ነው። የኮንፌዴሬሽን ባንዲራ፣ ያ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለባርነት የተዋጉት የደቡብ ስቴቶች ባንዲራ፣ ከስቴቱ ዋና ከተማ ከኮሎምቢያ ምክር ቤት ግቢ የወረደው በሱ ምክንያት ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲውለበለብ የኖረ ባንዲራ! እሱ ሰኔ ላይ ሞተ፣ ባንዲራው ሐምሌ 10 ወረደ። ከዚህ በላይ ምን ታሪክ ትፈልጋለህ?

እቴቴ ኮሎምቢያ፦

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ልጅህ ጎበዝ ናት። ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

እኔ ከምክር ቤቱ ሁለት መንገድ እልፍ ብሎ ያለ ሆቴል ቁርስ አቀርባለሁ። እዚያ ስሠራ 18 ዓመቴ ነው። የዚህ ስቴት ምክር ቤት ከጥር እስከ ግንቦት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ነው የሚሰበሰበው። በነዚያ ወራት ማክሰኞ ጠዋት ቡና ይዞ ያልሮጠ ፖለቲከኛ የለም። ስለዚህ ፊታቸውን ሳይሆን ወሬያቸውን አውቃለሁ። እሱን በአካል አግኝቼዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ፓስተር ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ግን የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው፤ «እሱ» ብል ይቅር በሉኝ።

ናቲ ልጄ፣ የባንዲራውን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ክሌመንታ ፒንክኒ የጃስፐር አውራጃ ልጅ ነው። በትራክህ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሳቫና ስትወርድ ሪጅላንድ የሚባል መውጫ ታልፋለህ አይደል? እዚያ ነው አገሩ። የተማረውም እዚያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ13 ዓመቱ መስበክ ጀመረ፤ በ18 ዓመቱ ፓስተር ሆነ። በ1996 ለስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት ሲመረጥ ገና 23 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚህ ስቴት ለምክር ቤት ከተመረጡ ጥቁሮች በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። በ2000 ወደ ሴኔት አለፈ። ቁጥሩን ደምረው፤ ወደ 19 ዓመት ገደማ ይመጣል።

ታዲያ በነዚህ ዓመታት ምን አሸነፈ ብትለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙ አላሸነፈም። በመጨረሻው ዓመቱ ሴኔቱ 46 ወንበር ነበረው፤ 28ቱ የሪፐብሊካን፣ 18ቱ የሱ ፓርቲ፣ የዴሞክራቶቹ። ቁጭ ብለህ ስትቆጥር ገና ከመጀመሪያው ተሸንፈሃል ማለት ነው። ወረዳው ደግሞ ሰፊ ነው፤ የስድስት አውራጃ ቁርጥራጭ፣ አብዛኛው ደሃ። ከዚያ ሪጅላንድ እስከ ኮሎምቢያ ሁለት ሰዓት ያስነዳል። ደመወዙ ስንት መሰለህ? የዚህ ስቴት ሴኔተር በዓመት የሚከፈለው 10,400 ዶላር ነበር። አበል አለ፤ ቢሆንም እኔ እንኳን በቡና ማንቆርቆር ከዚያ የተሻለ አገኛለሁ።

የነዚያ አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች «የውርደት ኮሪደር» ይባሉ ነበር። ጣራው የሚያፈስ፣ መምህር የማይበረክትበት። የሱን ጃስፐርን ጨምሮ ደሃ የትምህርት ወረዳዎች በ1993 ስቴቱን ከሰሱ። ሃያ አንድ ዓመት! በ2014 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆቹ ተበድለዋል ብሎ ፈረደላቸው። ከዚያ በ2017 ያው ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘጋው። እሱ ፍርዱን ሰምቷል፤ መዘጋቱን አላየም። አንዳንዴ ይህንን ሳስብ ባያየው ይሻላል እላለሁ።

አሁን ለልጅህ የምትነግራት ነገር። ሚያዝያ 4 ቀን 2015 (ቀኑንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ኖርዝ ቻርለስተን ውስጥ አንድ ፖሊስ ዋልተር ስኮት የሚባል መሣሪያ ያልያዘ ጥቁር ሰው ሲሮጥ ከኋላው ተኩሶ ገደለው። መጀመሪያ የተነገረው «ቴዘሬን (የኤሌክትሪክ ማደንዘዣዬን) ሊቀማኝ ታገለኝ» የሚል ነበር። አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀርጾት ነበርና ቪዲዮው ወጣ። ስምንት ጥይት፣ ከጀርባ።

ከዚያ ፒንክኒ ሴኔቱ ውስጥ ተነሥቶ ተናገረ። ቪዲዮው አለ፤ ፈልገህ እየው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከበሮ በለው። የተናገረው ስለ ቶማስ ነው። የኛ ሰው በዳግማይ ትንሣኤ የሚሰማው ያው ታሪክ። ቶማስ ጌታ ተነሥቷል ሲሉት «ችንካሩን ካላየሁ፣ ጎኑን ካልዳሰስኩ አላምንም» አለ አይደል? ፒንክኒም፣ ብዙዎቻችን ፖሊስ እንዲህ ያደርጋል ሲባል አናምንም ነበር፤ ቪዲዮውን ስናይ ግን አመንን አለ። ስለዚህ ለፖሊሶች ደረታቸው ላይ ካሜራ እንስጣቸው። ለአርባ ስድስት ፖለቲከኞች ስብከት! ግን ስብከት ብቻ አልነበረም። የጎደለው ማስረጃ መሆኑን ነው በአንድ ታሪክ ያሳያቸው።

ረቂቁ አለፈ። ሰኔ 10 ቀን 2015 ገዥዋ ኒኪ ሄሊ ፈረሙበት። ሳውዝ ካሮላይና ፖሊስ በሙሉ ካሜራ እንዲይዝ በሕግ ያዘዘች የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። ረቂቁን ያመጣው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም አሉበት። ሕጉም ቀዳዳ አለው። ገንዘቡ ካልተመደበ የከተማው ፖሊስ አይገደድም። ቪዲዮው ደግሞ እንደ ሌላ የመንግሥት ሰነድ ሕዝብ ጠይቆ የሚያገኘው አይደለም። ቶማስ ካሜራውን አገኘ፤ ማየት ግን አሁንም በፈቃድ ነው።

ፊርማው ረቡዕ ነበር። በሳምንቱ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ተገደለ። በዚያ ቀን እዚህ ኮሎምቢያ ለበጀት ሥራ መጥቶ ነበር። ማታ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቻርለስተን ተመለሰ። እንግዳው ልጅ ገብቶ ፓስተሩን ጠየቀ፤ ከፓስተሩ አጠገብ ወንበር ሰጡት። ሌላውን ታውቀዋለህ።

ናቲ አትላንታ፦

እሺ እቴቴ፣ ካሜራውን አላውቅም ነበር። ግን ባንዲራውስ? ትልቁ ነገር እሱ አይደለም?

እቴቴ ኮሎምቢያ፦

መጣሁልህ።

ሰኔ 24 ቀን አስከሬኑ ምክር ቤቱ ጉልላት ሥር እንዲያርፍ ተደረገ። በፈረስ በሚጎተት ጋሪ አመጡት። እኔ ከሥራ አስፈቅጄ ወረፋ ቆምኩ። የኮሎምቢያን ሰኔ የማያውቅ አያውቀውም፤ አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለሰልሳል። ጉልላቱ ላይ ያሉት ሁለት ባንዲራዎች ዝቅ ብለዋል። ግቢው ውስጥ ያለው የኮንፌዴሬሽኑ ግን እስከ ጫፉ ድረስ ተሰቅሏል። ለምን መሰለህ? በ2000 የወጣው ሕግ ያለ ምክር ቤቱ ድምፅ አይነካም ይላል። ሬሳው ሲያልፍ ባንዲራው ቀና ብሎ ቆሟል። ውስጥ ስንገባ አንዱ መስኮት በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ባንዲራው ለሐዘንተኛ እንዳይታይ ነው አሉ። እኔ ከሁሉ ያልረሳሁት ያንን ጨርቅ ነው። ባንዲራ ማውረድ አቅቷቸው መስኮት ሸፈኑ።

ከዚያ ሴኔቱ 36 ለ 3፣ ተወካዮቹ 94 ለ 20 ድምፅ ሰጡ፤ ሐምሌ 10 ወረደ። አርባው እንኳን ሳይወጣ! ጥሩ ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ናቲዬ፣ እሱ በሕይወት እያለ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ደሃ ወረዳው ሲጮኽ ያልሰሙት ሰዎች ናቸው ሲሞት ባንዲራ ያወረዱለት። ባንዲራ ማውረድ በጀት አይጠይቅም። ለዚህ ነው ባንዲራውን የሱ ሥራ ነው ለማለት አፌ የማይደፍረው። የነሱ ዕዳ ነው፤ ትንሽ ከፈሉ።

ሰሎሞን ዘግሪንቪል፦

እቴቴ ጨርሰሽዋል። እኔ በስሙ የቀረውን ሕግ ብቻ ልጨምር። የጥላቻ ወንጀልን ቅጣት የሚያከብድ ረቂቅ በስሙ ተሰይሞ ቀርቧል። የተወካዮች ምክር ቤት በ2021 አሳለፈው፤ በ2023 እንደገና አሳለፈው። ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ተኛ። እሱ የነበረበት ሴኔት! የጥላቻ ወንጀል ሕግ የሌላቸው ስቴቶች ዋዮሚንግና የኛዋ ብቻ ናቸው።

የጠመንጃውም ነገር ያው ነው። ገዳዩ ሽጉጡን መግዛት አልነበረበትም፤ የዕፅ ጉዳይ መዝገብ ነበረበት። የፌዴራል መንግሥቱ የገዢ ማጣራት በሦስት የሥራ ቀን ስላላለቀ፣ ሕጉ ስለሚፈቅድ ሻጩ ሸጠለት። በዚህ ጥፋት የፌዴራል መንግሥት በ2021 ለቤተሰቦቹና ለተረፉት 88 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ካሣው ተከፈለ፣ የሦስት ቀኑ ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። በ2022 የወጣው ሕግ የማጣሪያውን ጊዜ ያራዘመው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነው። ገዳዩ ሲገዛ ልክ 21 ሞልቶት ነበር።

ሹፌሩ ከሻርሎት፦

እግዜር ይስጥልን እቴቴ፣ ሰሎሞንም፣ ናቲም። ንግግሩን ፈልጌ አገኘሁት፤ ትናንት ማታ ከልጄ ጋር አየነው። ቶማስ ሲል «ይሄንን ቄሱም ነግረውናል!» አለች። ከዚያ ሁለት ጥያቄ አመጣችብኝ። አንደኛ፣ ወንበሩ ላይ አሁን ማን ተቀመጠ? ሁለተኛ፣ ያ ምክር ቤት ሰው ይገባበታል ወይ?

እቴቴ ኮሎምቢያ፦

ወንበሩን በዚያው ዓመት በተደረገ ምርጫ ማርጊ ብራይት ማቲውስ የምትባል ጠበቃ ያዘችው። የሱ ሥዕል ሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል።

ይገባል፣ በነጻ ነው። በጥር ወይም በየካቲት አምጣት፣ ትምህርት ቤት ከፈቀደላት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፤ ያኔ ሲከራከሩ ከላይ ከሰገነቱ ሆና ታያቸዋለች። መታወቂያ ያዝ፤ በር ላይ ይፈትሻሉ። ትራክህን ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ፣ መሀል ከተማ ማቆሚያ የለም። ስትመጡ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥቻለሁ፤ ቡና አፈላለሁ።